በማይ ዛግራ ስም ላይ ስለተሳበው ቀይ መስመር

ለክቡር አቶ መሓሪ ኣለምሰገድ
የማይ ዛግራ ጣብያ አስተዳዳሪ
መቐለ

ጉዳዩ፦ «ያለ ሥልጣን ወሰን ስለመወሰን» ለተጠየቅሁት ማብራሪያ በአደባባይ መልስ መስጠትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉሮሮዎ እንዴት ሰነበተ? ቫልብሩን ከሚባለው የፈረንሳይ ገጠር ወረዳ ለምለም መስክ ወደ እኛ አቧራ የተመለሰ ሰው ጉሮሮው ሊከረክረው ይችላልና፣ ስለ እርሱ ሳልጸልይ የዋልሁበት ቀን የለም። ጉልበትዎን ያጽናልን፤ ዓይንዎንም ካየው ነገር ብዛት የተነሣ ከመፍዘዝ ይጠብቅልን። እኔም ባለቤቴ አቶ ገብረዝጊም ከወገብ ሕመም በቀር ደኅና ነን። ወገባችንን ያመመን ጀሪካን ከሩቅ ስለተሸከምን እንጂ በአስተዳደርዎ ምክንያት እንዳልሆነ አስቀድሜ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ስሜን ልንገር። ምንትዋብ ከፋለ እባላለሁ። የተወለድሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ለማስተማር ተመድቤ መቐለ መጣሁ፣ የመቐለ ልጅ አግብቼ ቀረሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ትግርኛ እሰማለሁ፣ እናገራለሁም። ስቆጣ ግን እጄ የሚታዘዘኝ በአማርኛ ብቻ ስለሆነ በዚሁ በመጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እርስዎን ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር «አንተ» እልዎ ነበር። ማኅተም ከጨበጡ ወዲህ «እርስዎ» ሆነዋል፤ እኔም ለማኅተሙ የሚገባውን አክብሮት እነሆ በእያንዳንዱ ግሥ መጨረሻ ላይ እየከፈልሁ ነው።

መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ቀን የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። «ሥልጣን ሳይኖርዎ በሁለት ጣብያዎች መካከል ወሰን በመወሰንዎ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያብራሩ» ይላል። ከግርጌው ደግሞ በቦኖው፣ በጋራው ቧንቧ አጠገብ የተፈረመው ቃለ ጉባኤ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሚያዝያ ሃያ ቀን ተሰብስቦ እስኪያየው ድረስ እንደማይጸና ተገልጿል። ማብራሪያውን እነሆ። ነገር ግን ምስጋና ሳያቀርቡ ወደ ማብራሪያ መግባት ነውር ነውና፣ ከምስጋናው ልጀምር።

አንደኛ። ጥር ውስጥ ለልምድ ልውውጥ አሥራ ሁለት ቀን ቫልብሩን ቆይተው ሲመለሱ፣ ያዩትን ለብቻዎ ሳይደብቁ አዳራሽ ሰብስበው ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። የፈረንሳይን ተራሮችና ወንዞች ከመጽሐፍ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና፣ በፊት ወንበር ተቀምጬ ማስታወሻ ያዝሁ። ወረዳው አሥራ አንድ መንደሮች እንዳሉት፣ እያንዳንዱ መንደር እንደ እኛ ጣብያ፣ እንደ ሌላው አገር ቀበሌ፣ የራሱ አስተዳዳሪ እንዳለው፣ የሰዉ ቁጥር ከላሞቹ ቁጥር እንደሚያንስ፣ ከመንደሮቹ ሁሉ የመጨረሻዋ ትንሽ ስልሳ ሦስት ነዋሪ ብቻ እንዳላት ነገሩን። የዚያችን መንደር አስተዳዳሪ ፎቶግራፍም አሳዩን። ጭቃ የነካው ቦቲ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ስልሳ ሦስቱንም ሰው በስሙ እንደሚያውቁ፣ በረዶ ሲጥል መንገዱን በገዛ ትራክተራቸው እንደሚጠርጉ፣ መብራት የጠፋበት ሰው መጥቶ በራቸውን እንደሚያንኳኳ በአድናቆት ተረኩልን። እኔም አደነቅሁ። ከዚያ «ከዚህ የምንቀስመው ልምድ» የሚለውን ገጽ ከፈቱ። በገጹ ላይ አራት ነገሮች ነበሩ፤ የቢሮ ሰዓት፣ አበባ፣ በወንዝ የሚለይ ወሰን፣ የመንደር መግቢያና መውጫ ምልክት። ሽማግሌው በገጹ ላይ አልነበሩም። ቦታ ጠብቦ ይሆናል።

ሁለተኛ። የዚያች መንደር ቢሮ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ብቻ ስለሚከፈት፣ የእኛም ቢሮ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ብቻ እንዲከፈት በማድረግዎ አመሰግናለሁ። እነሱ ስልሳ ሦስት፣ እኛ አራት ሺህ መሆናችንን የሚያነሡ ነገረኞች አሉ፤ አይስሟቸው። በቢሮው በር ግራና ቀኝ ስላስቀመጧቸው ስድስት የሸክላ ማሰሮ አበቦችም እንዲሁ። የዓይናለም የውኃ ጉድጓዶች አፍንጫችን ሥር ሆነው እኛ ቤት ቧንቧው በወር አንድ ጊዜ ሲተነፍስ፣ አበቦቹ ከቢሮው ሮቶ ጧትና ማታ መጠጣታቸው የሚያስቀና ቢሆንም፣ ቅናት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ።

ሦስተኛ። ስለ ወሰኑ። በቫልብሩን ሁለት ጎረቤት መንደሮችን የሚለያቸው ወንዝ ስለሆነ፣ ማይ ዛግራንና ጎረቤታችንን ዓዲ ሰራውን የሚለያቸው ገረቡ እንዲሆን ወሰኑ፤ በካርታም ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩት። የገረቡን ጠባይ ግን ለማስታወስ ይፍቀዱልኝ። ገረባችን በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ የሚወርድበት፣ በቀሩት አሥር ወራት ፍየል የሚተኛበት ቦይ ነው። የፈረንሳይ ወንዝ ሕግ አክባሪ ስለሆነ በተሰመረለት ይፈሳል። የእኛው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱን ይለውጣል፤ አምና ከቦኖው ወዲያ ነበር፣ ዘንድሮ ከቦኖው ወዲህ ሆነ። በዚህ ምክንያት ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳበት ያ የጋራ ቧንቧ በአራት እርምጃ ዓዲ ሰራው ገባ። የቦኖው ዘበኛም የደረሰውን የስም ዝርዝር እያየ፣ እያፈረም ጭምር፣ የማይ ዛግራን ሰው መመለስ ጀመረ። እኛም አርባ ደቂቃ ተጉዘን ከሌላ ቦኖ ለመቅዳት በቃን። የእግር ጉዞ ለልብ ጤና እንደሚበጅ ሐኪሞች ይናገራሉና ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አራተኛ። ስለ ምልክቱ። ይህን ምስጋና በአጭሩ ማቅረብ አልችልምና ይታገሡኝ።

ምልክቶቹን ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ ብየዳ ቤት የሠራልዎ ሓዱሽ የሚባል ባለሙያ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ እጁ ይባረክ። በመግቢያው ላይ የቆመው ነጭ ሰሌዳ ነው፤ በጥቁር ፊደል «ማይ ዛግራ» ይላል። በመውጫው ላይ የቆመውም ያው ሰሌዳ፣ ያው ፊደል፣ ያው ስም ነው፤ ልዩነቱ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ማዕዘን ስሙን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቀይ መስመር መኖሩ ብቻ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ሲያይ «ከመንደሩ ወጣሁ» ብሎ መሪውን ይዞ ይቀጥላል። የመውጫው ምልክት የተተከለው ግን በመንገዱ ዳር የመጨረሻ በሆነው ቤት አጥር ላይ ነበር፤ ቤቱም የኣደይ ኣልጋነሽ ነው።

ኣደይ ኣልጋነሽን እርስዎ ያውቋቸዋል፤ አንባቢ ይወቃቸው፤ ኣደይ ማለት እማማ ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጉልበት በነበራቸው ዘመን የሰፈሩ አዋላጅ ስለነበሩ፣ ከማይ ዛግራ ሰው እኩሌታውን ወደዚህ ዓለም የተቀበሉት በእጃቸው ነው። ሁለት ጊዜ ተፈናቅለዋል። ሁለተኛው በዚህ በቅርቡ ጦርነት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከአሥራ አራት ሰዎች ጋር ኖረው ነው ወደ ቤታቸው የተመለሱት። ማንበብ አይችሉም። ቀይ ቀለም ግን ያውቃሉ፤ በየሰፈሩ በሚፈርስ ቤት ግድግዳ ላይ የሚቀባው እርሱ ነውና።

ሰሌዳው በተተከለ ማግሥት፣ ሰኞ ጧት፣ በአጠገባቸው ሳልፍ ጠሩኝ። ጸጉሬ ነጭ ሆኖ እንኳ የሚጠሩኝ «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ብለው ነው። ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ ማይ ዛግራ ይላል፣ በላዩ ላይ ቀይ መስመር አለበት አልኋቸው።

«ስም ላይ መስመር ሲሳብ ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን አልሸሽግም። ዕድሜዬን በስም ዝርዝር መካከል የኖርሁ መምህርት ነኝ፤ አፌ ከአእምሮዬ ቀደመና «ተሰርዟል ማለት ነው» አልሁ።

ሴትዮዋ ሰሌዳውን ትንሽ አዩት፣ ቤታቸውን አዩት፣ ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። እኔም ነገሩ የመንገድ ምልክት መሆኑን ካጣራሁ በኋላ ተመልሼ፣ ስለ ፈረንሳይ የማውቀውን ሁሉ ዘረዘርሁላቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝና ፈረንሳዮች የሚያውቁት ቀይ ሌላ እንደሆነ፣ እሳቸው የሚያውቁት ቀይ ሌላ እንደሆነ በጨዋነት ነገሩኝ። እጃቸው ግን ጆንያ ማሰሩን አላቋረጠም ነበር።

በማግሥቱ ማክሰኞ ከሰዓት፣ በጎረቤት አህያ ጭነው ጣብያው ቢሮ ደረሱ። እኔም ጥፋቱ የእኔ ነውና ተከትያቸው ሄድሁ። የጫኑት ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ ድስት፣ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ በቅርጫት ውስጥ ደግሞ አንዲት ቀይ ዶሮ ነበር። ወረቀቶቻቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው በአንገታቸው አንጠልጥለዋል፤ ከዚህ በፊት የተፈናቀለ ሰው ወረቀቱን ጆንያ ውስጥ አይከትም። ዕቃቸውን በኮሪደሩ ጥግ ደረደሩና ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። የጽሕፈት ቤት ኃላፊዋ ወይዘሪት ፍሬወይኒ ማንን ፈልገው እንደመጡ ስትጠይቃቸው፣ ማንንም እንዳልፈለጉ፣ ተፈናቅለው መምጣታቸውን ነገሯት።

ፍሬወይኒ ደወለችልዎ። እርስዎ በዚያ ሰዓት አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ «ዜጋን ማዕከል ያደረገ አገልግሎት» በሚል ርእስ ሥልጠና ላይ ነበሩ። «ሐሙስ እስክመለስ ይጠብቁኝ» አሉ። ኣደይ ኣልጋነሽም ታዛዥ ሴት ናቸውና ጠበቁ።

እዚህ ላይ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ሰባ አራት ዓመት የሆናቸውን ሴት ከውስጥ አስቀምጦ በር መቆለፍ ስለማይቻል፣ ቢሮው ረቡዕ ሳይዘጋ ነጋ። ፍሬወይኒም ብቻቸውን ልትተዋቸው ስላልወደደች በጧት ገባች። የተከፈተ በር ያየ መንገደኛ አንገቱን አስገብቶ ጠየቀ፤ ከዚያ ሌላው መጣ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ኮሪደሩ ሞላ። የነዋሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ ለመስጠት ፍሬወይኒ ሥልጣን አላት፤ ያጣችው ሰዓት ብቻ ነበር። ደንቡ የሚጠይቀው ሦስት ምስክር ነው። ኣደይ ኣልጋነሽ ከፍራሻቸው ሳይነሡ፣ የገባውን ሁሉ ቀና ብለው እያዩ «ይሄ የብርቄ ልጅ ነው፤ በእግሩ ነበር የመጣው፣ አስጨንቆን ነበር» ይሉ ጀመር። ጢሙን ያሳደገው ሰውዬ ያፍራል፣ ሰልፈኛው ይስቃል፣ ፍሬወይኒ ትጽፋለች። ሌሎቹን ሁለት ምስክሮች ለመጥራት ማንም አልደፈረም። ተራ የሚያስከብሩት እሳቸው፣ ወለሉን የሚጠርጉት እሳቸው፣ ሕፃን የያዘችን የሚያስቀድሙት እሳቸው ነበሩ። ብዙዎች ከጥር ጀምሮ ሲመላለሱበት የቆዩት ጉዳይ በሁለት ቀን አለቀ። እኔም ቅጽ ስሞላ ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ፣ አቶ ገብረዝጊ «ጡረታሽን ሰረዙት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እርስዎም ሐሙስ ከሰዓት መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ በመጀመሪያ ያዩት ዶሮዋን መሆኑን አስተውያለሁ። ሦስተኛውን የአበባ ማሰሮ ቆፍራ፣ አመቻችታ፣ ዕንቁላል ጥላበት ተኝታበት ነበር። ሁለተኛ ያዩት ሠላሳ ያህል ሰው በሥርዓት ተሰልፎ ነው። ሦስተኛ ኣደይ ኣልጋነሽን አዩ። ተንበርክከው ሰላምታ ሰጧቸው፤ ይህን ለክብርዎ እመሰክራለሁ።

«ኣደይ፣ ማንም አላፈናቀለዎትም። ቤትዎ ይግቡ» አሏቸው።

ከዚያም ምልክቱ የመንገደኛ መሆኑን፣ ፈረንሳይ ውስጥ በየመንደሩ እንደሚቆም፣ ትርጉሙም ደኅና ሁኑ ማለት መሆኑን በትዕግሥት አስረዷቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙዎት። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ ወደ አማርኛ ከመመለስ በቀር ቃሉን ሳልለውጥ አስፍሬዋለሁ።

«ይሁን እሺ፣ ወደይ፣ ልጄ። ግን ያኔ ትምህርት ቤት ሲያሰፍሩን ልጆቹ ሁለት ዓመት ትምህርት ቀረባቸው። እኔ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ዘንድሮ ቢሮ ብሰፍር ይሻላል ብዬ ነው፤ ቢሮ ቢያዝ ምንም የሚቀርበት ሰው የለም።»

ፍሬወይኒ መሳቢያዋን ከፍታ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረች። እርስዎ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከባለጉዳዮቹ መካከል ተቀመጡ። በዚያ ደቂቃ፣ ክቡር ሆይ፣ ዘጠነኛ ክፍል የማውቀውን ልጅ ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ ምን ላድርግልዎ ብለው ጠየቋቸው። ይህ ጥያቄ በዚያ ቤት ውስጥ ሲጠየቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ተነስ፣ ውኃ እንቅዳ» አሉዎት።

የቀረውን እርስዎም ያውቁታል፤ ኮሚቴው ግን ይስማው። እርስዎ ጀሪካናቸውን ይዘው አብረዋቸው ሄዱ፤ የተሰለፈውም ሰው ተከተለ። ዘበኛው እንደ ልማዱ ዝርዝሩን አውጥቶ፣ ኣደይ ኣልጋነሽ የማይ ዛግራ ነዋሪ ስለሆኑ መቅዳት እንደማይችሉ በትሕትና ገለጸልዎ። እርስዎ ራስዎ የፈረሙበት ዝርዝር ስለነበር ሊቆጡት አልቻሉም። የዓዲ ሰራው አስተዳዳሪ አቶ ሃይለ ተጠሩ፤ እሳቸውም ወሰን ወሰን ነው አሉ። ካርታው ከቢሮ መጥቶ በቦኖው ጠርዝ ላይ ተዘረጋ። እርስዎ በጣትዎ አንድ ቦታ አሳዩ፣ አቶ ሃይለ ሌላ ቦታ አሳዩ፤ ገረቡ ሁለታችሁንም ሳይሰማ ፍየሎቹን ይዞ ተጋድሟል። ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ ዞር ብለው «መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይዩልን» ያሉኝ። እነሆ ሥልጣኔ፤ የተሰጠኝ በእርስዎ አፍ፣ ሠላሳ ምስክር ባለበት ነው።

እኔም መነጽሬን አድርጌ አየሁ። የካርታው መስፈርት አንድ ለሃምሳ ሺህ ነው። ወሰኑ የተሰመረበት ቀይ እስክሪብቶ ወፍራም ነው፤ መስመሩን በማስመሪያ ስለካው አንድ ሚሊሜትር ሞላ። በካርታው ላይ አንድ ሚሊሜትር በመሬት ላይ ስንት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁዎ። በጣትዎ አስልተው «ሃምሳ ሜትር» ብለው መለሱ። ልክ ነበሩ። እንግዲህ መስመሩ ሃምሳ ሜትር ስፋት ካለው፣ ቦኖው ከመስመሩ ወዲህም አይደለም፣ ወዲያም አይደለም፤ መስመሩ ውስጥ ነው። የኣደይ ኣልጋነሽ ቤትም መስመሩ ውስጥ ነው። የአቶ ሃይለ ታላቅ ወንድም የበግ በረትም መስመሩ ውስጥ ነው። ይህን ስናገር አቶ ሃይለ ሳቃቸው አሸንፏቸው ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ አሉ፤ እርስዎም እንደ ሳቁ አይቻለሁ፣ አይክዱኝም።

ቃለ ጉባኤው የተጻፈው እዚያው ነው፤ ስድስት መስመር ብቻ። ጧት ዓዲ ሰራው ይቅዳ፣ ከሰዓት ማይ ዛግራ ይቅዳ፣ መስመሩ ውስጥ የሚኖር ሰው በፈለገው ሰዓት ይቅዳ ይላል። ሁለታችሁም ፈረማችሁ፤ ፍሬወይኒ ማኅተሙን በሩጫ አመጣች።

ኣደይ ኣልጋነሽ በዚያው ቀን ፍራሻቸውን ጭነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በመንገድ ላይ አህያዋን እየነዳን፣ በእውነት ሰፈሩ የተሰረዘ መስሏቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የመጀመሪያውን ቀን ፈርቼ ነው የሄድኩት» አሉኝ። «ሁለተኛውን ቀን ለሮቶው ውኃ ስል ቆየሁ። ሦስተኛው ቀን ግን ሰዉ አልለቀቀኝም።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ላንሣ። በሦስት ወር ሪፖርትዎ ላይ ቢሮው በሁለት ቀን አንድ መቶ አሥራ ስምንት ባለጉዳዮችን ማስተናገዱ «ከቫልብሩን የተቀሰመ ልምድ ውጤት» ተብሎ መጻፉን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብቤ ተደስቻለሁ። ኣደይ ኣልጋነሽ ፈረንሳይ ደርሰው መምጣታቸውን ግን አላውቅም ነበር። ሪፖርቱ በወጣ በሳምንቱ፣ ወሰኑን ማን ፈቅዶ አሻሻለው የሚል ጥያቄ ከላይ ሳይመጣብዎ እንዳልቀረ እገምታለሁ። ጥያቄ ሲመጣ የሚልኩለት ሰው ያስፈልግዎታልና ያን ደብዳቤ ለእኔ ጻፉ። አልተቀየምሁም። የተማሪውን ስሕተት መሸከም የመምህር ዕጣ ነው።

ስለዚህ ማብራሪያዬ ይኸው ነው። እኔ ወሰን አልወሰንሁም፤ እርስዎ የወሰኑትን ውፍረት ብቻ ነው የለካሁት።

የቃለ ጉባኤው መታገድ ሲሰማ አቶ ሃይለ የፈረሙት እሳቸው እንጂ ኮሚቴ እንዳልሆነ ተናግረው ቦኖውን ክፍት አድርገውልናል። በእንግድነት እየጠጣን ነው። እንግድነት ግን ሚያዝያ ሃያ ያልቃል፤ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤውን ከሻረ የዓዲ ሰራውም ሰው እጁን መሰብሰቡ አይቀርም፣ ኣደይ ኣልጋነሽም በሰባ አራት ዓመታቸው የአርባ ደቂቃውን መንገድ ይጀምራሉ። እኔ በስድሳዎቹ ውስጥ ሆኜ ሁለት ጊዜ አርፌ ነው የምደርሰው። እንዲህ ያለ ነገር በቀልድ ስጽፍልዎ የቀለለኝ እንዳይመስልዎ።

ነዋሪዎች ተሰብስበን ስለዚህ ጉዳይ መክረናል። ሁለት መቶ ዘጠኝ አባወራና እማወራ የፈረሙበትን ማመልከቻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የምንጠይቀው ቦኖው ወደ እኛ እንዲመለስ አይደለም፤ ያን ያህል ልናስቸግርዎ አልወደድንም። መስመሩ በቀላሉ የሚንቀሳቀስ መሆኑን ስላየን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከበስተጀርባችን ያዙሩትና እኛው ከነቤታችን ዓዲ ሰራው እንግባ። ቢሮውን፣ አበቦቹንና ሁለቱን ሰሌዳዎች አንነካም፤ ለእርስዎ ይቀራሉ። ወይዘሪት ፍሬወይኒም ፈርማለች፤ መስመሩ እሷ ቤት ሊደርስ ሦስት ቤት ብቻ ነው የቀረው።

ኮሚቴው ከዚህ የተሻለ መላ አለኝ ካለ፣ ስብሰባውን በአዳራሽ ሳይሆን በቦኖው አጠገብ፣ በቀትር፣ እያንዳንዱ አባል የሞላ ጀሪካን እንደያዘ ቢያደርገው ብዙ ሰዓት እንደማይወስድ በሙያዬ አረጋግጣለሁ።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለእስክሪብቶዎ ቅጥነት እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ምንትዋብ ከፋለ
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህርት
ማይ ዛግራ (ለጊዜው)

ግልባጭ፦
ለአቶ ሃይለ፣ ዓዲ ሰራው፣ ከምስጋና ጋር
ለወይዘሪት ፍሬወይኒ፣ በሩን ስለከፈተችልን
ለቦኖው አጥር፣ በሽቦ ታስሮ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ የመጀመሪያ ቅጂ በፖስታ አሽጌ በእጅዎ ልሰጥዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ። ግልጽ ደብዳቤ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው እንጂ፣ እኔስ ዝግ አድርጌ ነበር የጻፍሁልዎ።